ክረምቱ ገባ፤ ከሦስቱ እቅዶቼ የቱ ይቅር?

የመነሻው ጽሑፍ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ እናቶች። አባቶችም ካላችሁ ሰላም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ገና 5። እኔም አስተማሪ ስለሆንኩ እስከ መስከረም ቤት ነኝ። ባለቤቴ ሥራው ከከተማ ውጭ ነው፤ ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ።

ክረምቱ በስልክና በቴሌቪዥን እንዳያልቅ ብዬ ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ከልጆቹ ጋር መውጣት። ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ አያታቸው ጋ፣ ዝናቡ ፋታ ከሰጠ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር። ሁለተኛ፣ ለአዲስ ዓመት በሚከፈተው ባዛር ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ቦታ ይዤ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ መሸጥ። ሦስተኛ፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት። ይሄኛው ለራሴ ነው። ስንት ዓመት በልቤ ይዤው ኖሬያለሁ።

ገንዘቡም ጊዜውም ለሦስቱ አይበቃም። አንዱ መቅረት ካለበት የቱ ይቅር?

ከዚህ በታች ያለው የመጡት መልሶች ናቸው። ክሩ (የመልሶቹ ውይይት) ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች በራሴ አባባል አሳጥሬ ጽፌዋለሁ። የኔም ሐሳብ መሃል መሃል ላይ ይገባበታል፤ ታገሡኝ።

መልስ 1

ከደሴ ሆጤ ሰፈር የምትጽፍ እናት ናት። መርቃኝ ነው የጀመረችው። በሷ ሐሳብ የሐይቁ ጉዞ በምንም አይቀርም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን የማይነሳበት ቀን አለ። ልጅ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ቤት ተዘግቶበት ይውላል። ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አገሩ ወረድ ስለሚል እዚያ ሲደርሱ ሹራቡ ይወልቃል። በጠዋት ወጥተን ከሰዓት በኋላው ዝናብ ሳይመጣ እንድንመለስ መከረችኝ። መንጃ ፈቃዱ ግን የትም ስለማይሄድ ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብላ ዘጋች።

ልብ በሉ፤ መንጃ ፈቃዱን መጀመሪያ የሰረዘችው እሷ ናት።

መልስ 2

ሐይቅ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ስለ አገሩ ሲጽፍ እጁ አይታክተውም፤ እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ልጆች ጀልባውንና መረቡን ማየት እንደሚወዱ፣ ዛሬ ጠብሰን የምንበላው ቆሮሶ ዓሣም ወደ ሐይቁ የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ተሻገረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ ብዙ መጻሕፍት የተጻፉበት ቦታ ነው። ዋናው ምክሩ ግን ሌላ ነው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም። ወንድሞቿ ሲገቡ እሷ ውጭ ስትቀር እንዳይከፋት ለትልቋ ልጄ አስቀድሜ እንድነግራት አሳሰበኝ። ጥሩ አሳቢ ነው። መንጃ ፈቃዱን ግን እሱም ልጆቹ ከፍ እስኪሉ አቆየው።

መልስ 3

አጭር ነው። ባዛሩ ይቅር፤ ጩኸት ብቻ ነው፤ ልጅ ይዞ ከገቡ ኪስ ባዶ ይወጣል። በቃ።

መልስ 4

ለ3ኛው የተሰጠ ምላሽ ነው። አምና ባዛር ላይ የሸጠች ሴት ናት የጻፈችው። ለኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

የቦታው ኪራይ ቀድሞ ይከፈላል፤ ስለዚህ ከመክፈል በፊት ቦታውን ሄዶ ማየት ነው። ከድምፅ ማጉያው አጠገብ የደረሰው ሰው ከደንበኛ ጋር መነጋገር አይችልም። መግቢያው አካባቢ ያለውም ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፤ ሰው ገና ሲገባ አይገዛም፣ ዞር ዞር ብሎ ሲወጣ ነው የሚገዛው። ስለዚህ መውጫው ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው ዋጋ ጠይቆ ያልፋል። ይሄን አይቶ ተስፋ ቆርጦ ዋጋ መስበር አያስፈልግም። ገበያው የሚሞቀው የነሐሴ ደመወዝ ከወጣ በኋላ፣ ጳጉሜን ላይ ነው።

በርበሬና ሽሮ በኪሎ ብቻ ማሸግ ኪሳራ አለው። ብዙ ሰው ለመሞከር ግማሽ ኪሎ ነው የሚፈልገው። ደግሞ ዝናቡ አለ። ድንኳን ያፈሳል፤ መሬቱም ውሃ ይተኛበታል። ዕቃው በእንጨት ርብራብ ላይ ካልተቀመጠ በርበሬው እርጥበት ይጠጣና ይበላሻል። አምና ጎረቤቷ የነበረች ነጋዴ በአንድ ሌሊት ዶፍ ሽሮዋ እንዴት ሊጥ እንደሆነ ስትተርክ እየሳቅኩ አዘንኩ።

እሷም በመጨረሻ ከሦስቱ አንድ ይቅር ከተባለ መንጃ ፈቃዱ ይቅር አለች።

መልስ 5፣ 6 እና 7

ክሩ እዚህ ጋ ወደ ዓሣ ዞረ። 5ኛው የሐይቁ ጉዞ ነሐሴ ውስጥ ቢሆን ፍልሰታ ስለሆነ ዓሣ እንጂ ሌላ እንዳንበላ መከረ። 6ኛዋ ተቆጣች። በፍልሰታ ዓሣ የሚበላ ጾመ አይባልም፣ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አደባባይ ላይ መጻፍ ነውር ነው ባይ ናት። 7ኛው ሁለቱም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው እንዲጠይቁ ላካቸው። ትህትናው ያለቀው እዚህ ላይ መሰለኝ።

መልስ 8

ከአራዳ የጻፈች ሙስሊም እናት ናት ያበረደችው። የእናቷ ወገን ሙስሊም፣ የአባቷ እናት ደግሞ ክርስቲያን ነበሩ። ወሎ ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ቤተሰቡ በሙሉ ሐይቅ ሲወርድ ችግር ሆኖ የሚመጣው የሥጋው ነገር ነው። የማን ባርኮት? ማን አረደው? ዓሣ ላይ ይሄ ጥያቄ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ሐምሌ ውስጥ ሂዱና ተገላገሉ አለችን። የኔም የባለቤቴ ወንድም ሚስት ሙስሊም ስለሆነች እዚያው ቀኑን ቆረጥኩ። የዓሣው ጦርነት አበቃ።

መልስ 9 እና 10

9ኛው የደቡብ ወሎን ትልቁን ገበያ ልጆቹ ሳያዩ እንዳያድጉ ብሎ ሰኞ ባቲ እንድወስዳቸው መከረኝ። ግመሉ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኝ ማየት ትምህርት ነው አለ። 10ኛው አረመው፤ ባቲ ያለችው በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ነው። ገበያው ግን እውነትም ሰኞ ነው፤ ከኮምቦልቻም 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከደሴ ብርድ ወጥቶ እዚያ ሙቀት ውስጥ የሚገባ የ5 ዓመት ልጅ ግን እንደሚያለቅስ አስጠነቀቀ። ባቲ ለዘንድሮ ተላለፈች።

መልስ 11

ነርስ ናት። ኮምቦልቻ አያታቸው ቤት ለማደር ካሰብን አጎበር ይዘን እንድንሄድ ነገረችን። ደሴ ወባ ስለሌለ ሰው ይዘናጋል። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ትንኟ አለች። በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ተመልሶ ያተኮሰው ልጅ ብርድ መታው ተብሎ ቤት አይቀመጥ፣ ይመርመር። ሐይቅ ላይ ደግሞ ልጅ እጁ አይለቀቅ። ውሃው እንደ ኩሬ አይደለም፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል።

መልስ 12

ድንገት ቃናው ተለወጠ። ጸሐፊዋ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እናት ናት። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሥራ አገኛለሁ ብላ ከገጠር የመጣች ናት፤ አግኝታለችም። ክረምት የሚባል እረፍት ግን አታውቅም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሷ ችግር ይጀምራል፤ ልጇ የሚውልበት ቦታ የለውም። ሐይቅ ልሂድ ወይስ ባዛር ብሎ መጠየቅ ጠግቦ ማደር ነው አለች። መንጃ ፈቃዱማ አሳቃት።

ከበደኝ። ግን ሐሰት አልተናገረችም።

መልስ 13፣ 14 እና 15

13ኛው ካልተመቸሽ ውጪ አላት። ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው። 14ኛዋ እሱን ልክ ልኩን ነገረችው። 15ኛው መልስ የኔ ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ለመዘርዘር አልፈለግኩም። እሷ ስትሠራ ልጇ ማን ጋ እንደሚውል ብቻ ጠየቅኳት።

መልስ 16

ሰውየው በቀጥታ ወደ መንጃ ፈቃዱ ገባ። መኪና የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ምን ያደርግለታል? ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በጉም ሴት ልትነዳው ነው? ሦስት ልጅ ያላት እናት እዚህ ዕድሜ ላይ መሪ ከምትጨብጥ ልጆቿን ብታስጠና ይሻላታል ሲል ፈረደ። እኔም የምለው አላጣሁም ነበር። ግን ከኔ የተሻለች ሰው ቀደመችኝ።

መልስ 17

ሾፌር ናት። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው፤ የድርጅት መኪና ይዛ ሐረጎን ትወጣለች ትወርዳለች። ፈቃዱን ያወጣችው መኪና ሳይኖራት ነው። ፈቃዱ ነው ሥራ የሰጣት። ለ16ኛው የመለሰችው በስድብ አይደለም፤ በመንገዱ ነው። ሐረጎን ሲወርዱ ፍሬን ላይ ተደግፎ መውረድ ነው ሰው የሚገድለው፤ ፍሬን ይግላል፣ ከዚያ አይዝም። ገና ከላይ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ጉም ውስጥ ረዥም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ የራስን ዓይን ያጠፋል። ይሄን የሚያውቅ ወንድም ሴትም ይነዳዋል። የማያውቅ ደግሞ ጺም ቢኖረውም ገደል ነው።

ለኔ ደግሞ ለብቻ ምክር ጨመረችልኝ። ከመመዝገብ በፊት ማሰልጠኛው ስንት የሚሠራ መኪና እንዳለውና በአንድ መኪና ስንት ሰልጣኝ እንደሚደርስ መጠየቅ፣ ክፍያውንም ቢቻል ከፍሎ ከፍሎ መስጠት። የሷ እህት ሙሉውን ከፍላ ክረምቱን በሙሉ ነገ ነይ ስትባል ነው የቆየችው። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

16ኛው ሰው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 18

የኮምቦልቻዋ ሠራተኛ ተመለሰች። ቁጣዋ በርዷል። በሚከራዩበት ግቢ ያሉት ሴቶች ፈረቃቸው ይለያያል። የሌሊት ፈረቃ የሠራችው ትንሽ ትተኛና ከሰዓት የሁሉንም ልጆች ትይዛለች፤ የቀን ፈረቃ ያላት ማታ ትረከባታለች። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፤ ችግር ያመጣው ነው። እንቅልፍ ግን ያሳጣል። ክረምት ማለት ለሷ ይሄ ነው።

መልስ 19

ይቺኛዋ ጸሐፊ ክሩን ከላይ ጀምራ ቆጥራዋለች። ይቅር ከተባለው ነገር አብዛኛው መንጃ ፈቃዱ ነው። ለልጆች የሆነው ይቆይ፣ ለቤት ገቢ የሚያመጣው ይቆይ፣ እናትየዋ ለራሷ ያሰበችው ይሰረዝ። ባልየው ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚሠራ አንድም ሰው አልጠየቀም። እሱስ ምን ይሰርዝ?

እኔም ያላሰብኩትን ነው የጠየቀችው ልል አልችልም። አስቤው ነበር። ግን እኔ ብጽፈው ባሌን አደባባይ አወጣሁት ይባል ነበር። ሌላ ሰው ሲጽፈው ቀለለኝ።

መልስ 20 እና 21

20ኛው ተቀየመ፤ ወንድ ሁሉ ቤት የማይረዳ ተደርጎ መሳሉ አስከፋው። 21ኛው አባት ግን ራሱን አልተከላከለም። ሚስቱ በክረምት ፕሮግራም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ልጆቹን ጠዋት ቂርአት (የቁርአን ትምህርት) እያደረሰ፣ ምሳ እያበላ ከርሟል። መጀመሪያ የሠራው ሽሮ ለምን ጎረነነ ብሎ እናቱ ጋ ደውሏል። ከሁሉ የከበደው ምግቡ አይደለም፤ ዝናብ ሲሆን ልጆቹ የት ይዋሉ የሚለው ነው።

መልስ 22 እና 23

አንድ ወጣት ለዝናብ ቀን የደሴ ሙዚየምን አነሳ። 23ኛው ሙዚየሙ በ2014ቱ ጦርነት መዘረፉን አስታወሰውና ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ እንደሚሻል ጨመረ። ለልጆቹ ስለ ዝርፊያውም መንገር ያስፈልጋል የሚል ነው። አንዳንዶች ስለዚያ ጊዜ መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ከዚያ ራሳቸው አጠፉት። ገባኝ።

መልስ 24

ልጄ ባቡር ማየት ይፈልጋል፣ ኮምቦልቻ ላይ ባቡሩ ስንት ሰዓት ያልፋል ብሎ የጠየቀ አለ። የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ሀዲዱን እንጂ ባቡሩን እንደማያገኝ ነገሩት። ከዚህ በታች ስለ ባቡሩ የተጻፈውን ሁሉ ዘልዬዋለሁ፤ ፖለቲካ ሆነ።

መልስ 25

እማማ የምንላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው ቤታቸው፤ የልጅ ልጃቸው ነች የምትጽፍላቸው። 18ኛውን መልስ አስነብበው ቀኑን በእቁብ ብታደርጉትስ አሉን። ገንዘብ ሳይሆን ቀን ይጣላል። አንድ ሰፈር ያሉ አራት እናቶች ይሰበሰባሉ። ተራ የደረሳት የሁሉንም ልጆች ታውላለች፤ ሌሎቹ ሦስቱ ያን ቀን ነፃ ናቸው። ዕጣ ይወጣል፣ ዳኛ ይኖራል፣ ጸሐፊ ይኖራል። ተራዋ ደርሶ ያላዋለች በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ትከፍላለች። ምሳው ሥጋ የሌለበት ይሁን፤ ሽሮ፣ ድንች፣ የተቀቀለ በቆሎ። እንዲህ ከሆነ የጾመውም ያልጾመውም፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ሳይጠያየቅ ይበላል።

መልስ 26፣ 27 እና 28

26ኛዋ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥ አሥር ልጅ የት ይገባል አለች። ልክ ናት። 27ኛዋ የሷን ልጅ የማታውቀው ሰው ጋ እንደማትተው ስትናገር ትንሽ መረር አለች፤ እማማ ደግሞ እቁብ ያለ ዋስ አይገባም፣ ይሄም እንደዚያው ነው፣ የምታውቁትን ሰው ብቻ አስገቡ ሲሉ መለሱ። 28ኛዋ ቀኑን አሳጠረችው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት። ቂርአት ወይም ቄስ ትምህርት ያለባቸው ልጆች ሲጨርሱ ይቀላቀላሉ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስነብባሉ። ስልክ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የአስተናጋጇም ጭምር።

መልስ 29

የኔ ነው። የኛ ሰፈር እቁብ ቆሟል። አራት ነን። ሁለተኛው ዕጣ ለኔ ወጣ። ነፃ በምሆንባቸው ቀናት የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱን እወስዳለሁ። ሐይቅ ሐምሌ ውስጥ እንሄዳለን፤ ባለቤቴ ቅዳሜን ከኛ ጋር ሊውል ተስማምቷል። ለሱ የሰረዝነው የቅዳሜውን ኳስ ነው። ባዛሩ ላይ ቦታውን እንደ 4ኛዋ ምክር መውጫው ጋ እንይዛለን፤ ለኪራዩ ከጓደኞቼ ጋር እየተዋጣን ነው። ለኮምቦልቻዋ እናት በውስጥ መስመር ጽፌላታለሁ። የምትኖረው የ17ኛዋ ሾፌር ሰፈር እንደሆነ ደርሰንበታል፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል።

መልስ 30

21ኛው አባት እኔም ልግባ አለ። አንዷ ወዲያው እሺ አለች። ሌላዋ ወንድ ቤት ሴት ልጄን አልልክም አለች፤ እሱም ይሄን አልተቃወመም፣ በሱ ተራ እናቱ ቤት እንደሚሆንና እናቱም አብረው እንደሚውሉ አስረዳ። አሁን ክርክሩ በሱ ተራ ምሳውን ማን ይሠራዋል የሚለው ላይ ደርሷል። እሱ ራሴ ነኝ ይላል። 26ኛዋ ሽሮው የሚጎረንን ከሆነ ልጄ ምሳዋን ይዛ ትመጣለች ብላለች።